የሞተ ዲስክ የራሱ ርዕስ ይገባዋል ወይ?

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ዝግጅት ላይ መቀሌ፣ ሓድነት ውስጥ የቀረበ ንግግር። ለዚህ መጽሔት ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተስተካክሏል።)



አዘጋጆቹ ስለ ትዝታ አንድ ነገር እንድል ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ስለ ትዝታ ለማውራት እዚህ ካለነው ሁሉ የማንሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ትናንት ማታ ግማሾቻችሁን በስማችሁ የጠራኋችሁ ደረታችሁ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት እያነበብኩ ነው። ስለዚህ ይዤ የመጣሁት ትዝታውን ሳይሆን ትዝታ የተቀመጠበትን ዕቃ ነው። ይኸውላችሁ፣ ከኋላ ላላችሁም እንዲታይ ከፍ ላድርገው። ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ነው። በእኛ ዘመን የተመረቃችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ግን የሚያውቁት ኮምፒዩተር ላይ "ሴቭ" የሚለው ምልክት ሆኖ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት እዚሁ ሓድነት ከአንድ የቀድሞ መምህሬ ጋር ቡና ስንጠጣ ነው። መምህሬ ተማሪዎቻቸው ስለ ኮምፒዩተር ታሪክ ለአማርኛው ዊኪፒዲያ እንዲጽፉ አስበው የርዕሶች ዝርዝር አውጥተው ነበር። ዝርዝሩን አሳዩኝ። ስለ መረጃ ማከማቻ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "ጥንታዊ የመረጃ ማከማቻዎች"። ፍሎፒው፣ ዚፕ ዲስኩ፣ ካሴቱ፣ ማይክሮፊልሙ፣ ባለ ቀዳዳው ካርድ ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ገብተዋል። "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቢያንስ ስድስት ርዕስ ይወጣዋል" አልኳቸው። "ለሞተ ዕቃ ስድስት ሐውልት?" አሉኝ። ክርክሩ ከሦስተኛው ቡና አልፎ ምሳ ደረሰ።

የመምህሬን ሐሳብ አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ ጠንካራ ነው። አንደኛ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ የዕቃ ግምጃ ቤት አይደለም ይላሉ። በገበያ ላይ ወጥቶ የወደቀ ዲስክ ሁሉ ገጽ ይሰጠው ከተባለ አንባቢው ፍሎፒ ምን እንደ ነበረ ለማወቅ አሥር ቦታ ሊዞር ነው። ሁለተኛ፣ ጸሐፊው ጥቂት ነው። የአማርኛው ዊኪፒዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ነው ያለው፤ የትግርኛው ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ስለ ወባ፣ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ወረዳዎቻችን ገና ያልተጻፈ ስንት ነገር እያለ ተማሪ ስለ ዚፕ ዲስክ ይጻፍ? ሦስተኛ፣ ስለ አንድ ነገር የሚጻፈው ከሁለት አንቀጽ የማያልፍ ከሆነ ለብቻው ማቆሙ ለአንባቢም ለነገሩም አይጠቅምም። ድርቆሽ ገጽ ይሆናል።

በብዙው እስማማለሁ። ፍሎፒን ራሱን እንየው። የመጀመሪያው ባለ 8 ኢንች እ.ኤ.አ. በ1971 ከአይቢኤም ወጣ። በ1976 ሹጋርት የተባለው ኩባንያ ባለ 5.25 ኢንቹን አመጣ፤ በ1981 ሶኒ ባለ 3.5 ኢንቹን አስከተለ። እኛ ላብ ውስጥ የተሻማንበት፣ 1.44 ሜጋ ባይት የሚይዘው ዓይነት ገበያ ላይ የዋለው በ1987 ነው። ዛሬ ስልካችሁ የሚያነሣውን አንድ ፎቶ ለመያዝ እንደዚህ ያለ ዲስክ ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ታሪካቸው አንድ ላይ ሲነገር ነው የሚያምረው። በዚህ መምህሬ ልክ ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው "አንድ ዓይነት ናቸው" የሚለው ቃል ከገጹ ወጥቶ የሰው እጅ ላይ ሲደርስ ነው። የድሮ ማኪንቶሽ 800 ኪሎ ባይት ዲስክና የእኛ ዲስክ በመልክ አይለዩም። ግን ማኪንቶሹ ዲስኩን የሚያሽከረክርበት ፍጥነት ከውጭኛው መስመር ወደ ውስጠኛው ስለሚለያይ ተራ ፒሲ አያነበውም። ባለ 5.25 ኢንቹም እንዲሁ ነው፤ ባለ 360 ኪሎ ባይቱን ዲስክ በ1.2 ሜጋ ባይት ማሽን ከጻፋችሁበት በኋላ ወደ አሮጌው ማሽን ስትመልሱት ብዙ ጊዜ አይነበብም ነበር፤ የአዲሱ ማሽን መጻፊያ የሚያሰምረው መስመር ቀጭን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 አዮሜጋ ያወጣው ዚፕ ዲስክማ ወፈር ያለ ፍሎፒ ይመስላል፤ 100 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ ፍሎፒ ማንበቢያ ውስጥ ግን ጭራሽ አይገባም። ጆንያው ውስጥ አብረው ያሉ ነገሮች በር ላይ ሲደርሱ የየራሳቸውን ቁልፍ ይጠይቃሉ።

ይህ ቁልፍ የሚለው ነገር ለእኔ ምሳሌ ብቻ ያልሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲያችን ሁለቱ ኮሌጆች ተዋህደው በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት እኔ ዓዲ ሓቂ ግቢ ገባሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጨው ንግድ ነበር። ያኔ ከአፋር ቆላ የሚመጣው ጨው አሁንም በግመል ጭምር ይጓጓዝ ነበር። አሞሌ የሚባለው ጨው በዚህች አገር ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገንዘብ ሲያገለግል እንደ ኖረ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የእኔ ጥያቄ ግን የዛሬው ነጋዴ እንዴት ያተርፋል የሚል ደረቅ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነበር። ለዚያ ብዬ ዘጠኝ ሰዎች አነጋገርኩ። ሁለቱ ነጋዴዎች፣ ሰባቱ አርሆ ነበሩ። አርሆ ግመል እየነዳ ጨው ሊያመጣ ቆላ የሚወርደው ሰው ነው። ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ስለ ዋጋ ስጠይቃቸው እነሱ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃ ጉድጓዱ፣ መንገድ ላይ ስለ ቀሩ ጓደኞቻቸው ያወሩልኝ ነበር። አንድም አላስቀረሁም፤ ያሉትን በትግርኛ እንዳለ በኮምፒዩተር ጻፍኩት።

ጽሑፉ ግን የቀረበው በእንግሊዝኛ ነው። ከዘጠኙ ሰዎች ንግግር ወደ ጽሑፉ የገባው ስድስት መስመር ትርጉም ነው። የቀረው ሁሉ እነዚህ ዲስኮች ላይ ቀረ። ሦስት ነበሩ። ሥራ አገኘሁ፣ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ዲስኮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አድርጌ እዚህ ሓድነት እህቴ ቤት አስቀመጥኩ፤ ረሳኋቸውም። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሴ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እዚህ የነበራችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የእህቴን ድምፅ ለወራት ሳልሰማ የቆየሁበት ጊዜ ነው። ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ ባንኩም ተቋርጦ ነበር። ብዙ ቤት፣ ብዙ ቢሮ ወረቀቱንም ኮምፒዩተሩንም አጥቷል። ሰላም ወርዶ እህቴ ቤት ስደርስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ላፕቶፑ የለም። የብስኩት ቆርቆሮው ግን ከአልጋው ሥር ቁጭ ብሏል። ማን ይውሰደው? ዲስኮቹ የተረፉት ዋጋ ስለሌላቸው ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ ልመለስ። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ዲስክ አስገባሁ፤ አነበበ። ጽሑፌ ነው፣ እንግሊዝኛው። ሁለተኛውን አስገባሁ፤ አነበበ። አምስት ሰዎች ያሉበት ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፋይሉን ስከፍተው ግን የወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ የምንዛሪ ምልክት፣ ቅንፍና ነጥብ የተደባለቀበት ፍርስራሽ ነው። ሦስተኛው ዲስክ ጭራሽ አልተነበበም፤ ሽፋኑን ገልጠን ስናየው ሻግቷል።

ሁለተኛው ዲስክ ላይ ምን እንደ ሆነ ወጣት ምሩቃን ላታውቁት ትችላላችሁ። በኮምፒዩተር አንድ ባይት 256 ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ያም ሁሉ ለፊደል ነጻ አይደለም። ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ፣ ከትግርኛው ቐ ጋር ከ300 ይበልጣል። 300 እንግዳ 256 ወንበር ባለበት አዳራሽ እንዴት ይቀመጣል? እያንዳንዱ የግዕዝ ሶፍትዌር የራሱን ዘዴ ፈጠረ። አንዱ ፊደሉን ሁለት ፎንት ላይ ከፋፈለው። ሌላው ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጦ በሚጻፍበት ጊዜ አገጣጠማቸው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሸራ፣ ብራና፤ ስማቸውን የማያስታውስ የእኛ ዘመን ጸሐፊ የለም። ኮምፒዩተሩ ራሱ "ሰ" የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አንድ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው በ"ሰ" ሥዕል የሚሸፍነው። ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል፤ ከሥሩ ፍርስራሹ ይታያል። የአንዱ "ሰ" ደግሞ የሌላው "ሰ" አይደለም።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ዩኒቨርሲቲያችን ሲመሠረት ይህ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ነገር ግን ደረጃ ወጣ ማለት ላብ ደረሰ ማለት አይደለም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪመጣ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ በአሮጌው ዘዴ ስንጽፍ ነበር። ስለዚህ የእኛ ፍሎፒ በሁለት ቁልፍ ነው የተቆለፈው። የመጀመሪያው የዲስኩ ነው፤ እሱን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ገበያ ላይም መክፈቻው አለ። ሁለተኛው የፊደሉ ነው፤ እሱን ከእኛ በቀር የሚያውቅም፣ ሊያውቅ የሚፈልግም የለም።

ታዲያ ፍርስራሹን ይዤ ኢንሳይክሎፒዲያ ከፈትኩ። የፈለግሁት ታሪክ አልነበረም። የፈለግሁት አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ በዚህ ሶፍትዌር ይኼ ምልክት ይኼ ፊደል ነው የሚል። ያገኘሁት ከዩኒኮድ በፊት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ነበሩ የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። እውነት ናት፣ ስህተት የለባትም፤ በሩን ግን አትከፍትም። የመምህሬ ጆንያ ማለት ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

በሩን የከፈተችው እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ የምታጠናው የእህቴ ልጅ ናት። መጀመሪያ የወርድ ፋይሉ ውስጥ የፎንቱ ስም ተመዝግቦ እንደሚቀር አሳየችኝ፤ በየትኛው ሶፍትዌር እንደ ጻፍኩ በዚያ አወቅን። ፎንቱን ግን ካሉን ማሽኖች አንዱም ላይ አላገኘነውም። ቀጥላ የታተመ ነገር አለህ ወይ አለችኝ። ከመመረቂያ ጽሑፌ መጨረሻ ላይ የጥያቄዎቹ ዝርዝር በትግርኛ የታተመበት አንድ ገጽ ነበር፤ የዚያው ገጽ ፋይል ደግሞ ዲስኩ ላይ አለ። ወረቀቱን በቀኝ፣ ፍርስራሹን በግራ አድርጋ ፊደል በፊደል አመሳከረች። ሦስት ቅዳሜና እሁድ ፈጀባት። ገጹ ላይ ያልነበሩ ፊደላትን፣ በተለይ ቋ፣ ኳ፣ ጓ የሚመስሉ ዲቃላዎችን፣ ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ተነሥተን ሞላናቸው።

አምስቱ ሰዎች ተመለሱ። አንደኛው ሌሊት ሌሊት ስለሚጓዙበት ምክንያት ያወራልኝን እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ዛሬ መንገዱ ተሠርቶ ጨው በመኪና ይመጣል፤ ካነጋገርኳቸው ዘጠኙ ውስጥ በሕይወት ያለ እንዳለ ጠይቄ አላገኘሁም። የሦስተኛው ዲስክ አራቱ ሰዎች አልተመለሱም።

ጓደኞቼ፣ "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚወረሰው ወራሹ ማንበብ ከቻለ ነው። ከዚህ አድዋ ማዶ አባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌላት ከተጻፉ ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ገልጦ፣ ማሽን ሳይፈልግ፣ በዓይኑ ያነባቸዋል። የእኔ ዲስክ ሃያ ዓመት ቆይቶ ሦስት ሳምንትና አንዲት ጎበዝ ልጅ አስፈለገው። ይኼ የድህነት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1086 የተጻፈ ዱምስዴይ የሚባል የመሬትና የንብረት መዝገብ አለ። ቢቢሲ በ1986 የ900ኛ ዓመቱን ለማክበር አዲስ ዱምስዴይ በሌዘር ዲስክ አዘጋጀ፤ ተማሪዎች ሳይቀሩ ስለ መንደራቸው ጻፉበት። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዲስኩን የሚያነብ ማሽን ጠፍቶ ባለሙያዎች ለማዳን ተሯሯጡ። የ1086ቱ መጽሐፍ ግን አሁንም ይነበባል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለመምህሬ ያቀረብኩት መለኪያ ይህ ነው። አንድ የሞተ ማከማቻ የራሱ ርዕስ ይገባው እንደ ሆነ ለማወቅ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ዓመት ኖረ፣ ታዋቂ ነበር ወይ ብለን አንጠይቅ። ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። አንደኛ፣ ዛሬም ውስጡ የተቆለፈ ነገር አለ ወይ? ሁለተኛ፣ እሱን ለመክፈት ለጎረቤቱ የማያስፈልግ የተለየ ዕውቀት ያስፈልጋል ወይ? ሦስተኛ፣ ያንን ዕውቀት ያለ ግምት ለመጻፍ የሚበቃ የታመነ ጽሑፍ አለ ወይ? ሦስቱንም ካሟላ ለብቻው ይቁም። ካላሟላ በቤተሰቡ ገጽ ውስጥ አንቀጽ ይሁን፤ ግን ስሙን የሚፈልግ ሰው ወደዚያ አንቀጽ የሚመራው መጠቆሚያ ይኑር።

በዚህ መለኪያ ብንሄድ መምህሬ ብዙ ያሸንፋሉ። የ8፣ የ5.25ና የ3.5 ኢንቹ ፍሎፒ አንድ ገጽ ይበቃቸዋል፤ ልዩነታቸው በአንቀጽ ይገለጻል። ዚፕ ዲስክ ለብቻው ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ግን አልጣላም። ማይክሮፊልም ግን በእኛ አገር ለብቻው መቆም አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተሠርቶ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ቅጂው ሚኒሶታ አሜሪካ ተቀምጦ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ካታሎጉን ሲያዘጋጁ ኖረዋል። ማይክሮፊልም እንደ ቴክኖሎጂ ሞቷል። ግን ዋናው ብራና ቢጠፋ ምስክሩ ያ ፊልም ነው። ምስክርን "ጥንታዊ ማከማቻ" ብሎ ከባለ ቀዳዳው ካርድ ጋር አንድ አንቀጽ ማካፈል አግባብ አይመስለኝም።

የዩኒኮድ ዘመን ቀዳሚዎች የሆኑት የግዕዝ ሶፍትዌሮችስ? የመጀመሪያውን ጥያቄ ያልፋሉ፤ በየቤታችሁ፣ በየቢሮው፣ በየቤተ ክህነቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ ስንት ፋይል እንዳለ አስቡት። ሁለተኛውንም ያልፋሉ፤ የአንዱ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ሠንጠረዥ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ላይ ግን መምህሬ ያዙኝ። "ምንጭህ ማን ነው?" አሉኝ። የራሴ ትዝታና የእህቴ ልጅ ማስታወሻ ነበር ያለኝ። "ኢንሳይክሎፒዲያ የአንተን ትዝታ አይቀበልም፤ መቀበልም የለበትም። ዛሬ የአንተን እውነተኛ ትዝታ ከተቀበለ ነገ የሌላውን ውሸት ይቀበላል" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ናቸውና።

እንደሚመስለኝ ስህተታችን ክርክሩን ከመጨረሻው መጀመራችን ነበር። ርዕስ ይገባዋል ወይ ከማለት በፊት ርዕሱ የሚቆምበት መሠረት ተጥሏል ወይ ማለት ነበረብን። መሠረቱን የሚጥለው ደግሞ ኢንሳይክሎፒዲያ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው የሚሠራው በተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ በመምህራን የምርምር መጽሔት፣ በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ነው። አንድ ተማሪ የአንድ ሶፍትዌር ሙሉ ሠንጠረዥ ከነምሳሌው ቢያዘጋጅ፣ መምህሩ ቢያርመው፣ ቢታተም፤ ያኔ ርዕሱ በሁለት እግሩ ይቆማል። ሠሪዎቹም ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፤ ዛሬ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይቻላል። ከሃያ ዓመት በኋላ አይቻልም። አርሆዎቹን እኔ ዘግይቼ ነው የፈለግኋቸው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን አንድ ልመና፣ ለምሩቃን አንድ ልመና አለኝ።

ለመምህሮቻችን፦ ከሚቀጥለው ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክቶች መካከል ሁለት ሦስቱን ለዚህ ስጡልን። ፈተናው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ የእህቴ ልጅ ምስክር ናት።

ለምሩቃን፦ ቤታችሁ ያለውን ዲስክ አትጣሉ። ግን በዘፈቀደም አትክፈቱት። መጀመሪያ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አንሸራትቱና ቀዳዳው ይከፈት፤ ያኔ ኮምፒዩተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ዲስኩን ስታስገቡት ማሽኑ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ከጠየቃችሁ እምቢ በሉ፤ እሺ ካላችሁ አለቀ። ፋይሉ ፍርስራሽ ሆኖ ቢወጣ ፎንቱን እየቀያየራችሁ መልሳችሁ ሴቭ አታድርጉ፤ የመጀመሪያው የፎንት ስም ከጠፋ ፍንጩም አብሮ ይጠፋል። እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡት። በዚያው ዘመን የታተመ አንድ ገጽ ካላችሁ ደግሞ ከዲስኩ ጋር አያይዙት፤ ወርቅ ነው።

ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ የእህቴ ልጅ በዚሁ አዳራሽ መግቢያ ላይ ማንበቢያዋን ይዛ ትቀመጣለች። የያዛችሁትን አምጡ። ቢነበብም ባይነበብም የሶፍትዌሩን ስምና ዘመኑን እንመዘግባለን። ለሠንጠረዡ መነሻ ይሆነናል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ከተመለሱት አምስት ሰዎች የአንደኛውን ንግግር ሙሉውን መልሰናል፤ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የአባቱ ስም ውስጥ ግን አንድ ፊደል አለች፤ ዲቃላ ናት፣ የታተመው ገጽ ላይ የለችም። ሌላውን ቃል ሁሉ ከሐሳቡ ተነሥተን ሞልተናል። የሰው ስም ግን በግምት አይሞላም። በሁለት መንገድ ሊነበብ ይችላል፤ ሁለቱም የሰው ስም ናቸው። እስከ ዛሬ በባዶ ቦታ ትተነዋል። ያንን ባዶ የምትሞላው ከሠንጠረዡ አንዲት መስመር ናት። መምህሬ ይህን ስነግራቸው ዝርዝራቸውን አወጡና "ጥንታዊ የመረጃ ማከማቻዎች" ከሚለው ሥር አንድ መስመር በእርሳስ ጻፉ፦ "ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግዕዝ አጻጻፎች፣ ምንጭ ሲገኝ"።

ምንጩ እንግዲህ እኛ ነን።